መባዬ በር ላይ ነው

እሑድ የለንም እዚህ፤ እሑዳችን ዓርብ ናት፤
ማዳም ደጁን ከፍታ «ዐሥር ሰዓት ላይ ግቢ» የምትልባት።
ኩዌት በሐምሌ፣ አስፋልቱ ጫማ ሲያለሰልስ፣
ሦስት መቶ ፍልስ ከፍዬ በአውቶቡስ፣
መባዬን በፖስታ፣ ፖስታውን በጉያ
ይዤ ደረስኩ፣ ላቤን በነጠላዬ እያበስኩ፣ ከዚያ።

አንድ አዳራሽ ነው፤ በሰዓት እንካፈለዋለን፤
ሕንዶቹ ሲወጡ እኛ እንገባለን፤
ከእኛ ኋላ ፊሊፒኖች በር ላይ ቆመው ያዩናል፤
«አሜን» ስናስረዝም የእጅ ሰዓታቸውን ያሳዩናል።

ወንድም አንጁሎ፣ ስድስት ቀን የውኃ ቦቴ ነጂ፣
በሰባተኛው ቃል አስረጂ፣
መጽሐፉን ገለጠ፤ መባህን ይዘህ ስትመጣ
ወንድምህ ትዝ ካለህ፣ ትተኸው ውጣ።

«እሰይ!» አልኩ በልቤ፤ «ይህን እታፈራሁ ትስማ፤
የዕቁባችንን በልታ የተደበቀች፣ የስድስት ወር ላቤን ቀምታ!»
አንጁሎ ግን ደገመው፣ ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሣ፦
«አንተ በእሱ ላይ አይልም፤ እሱ በአንተ ላይ ካለው ነው አበሳ።»

እኔ ያለኝን ነበር ስቆጥር የከረምኩት፤
እሷ ያላትን አንድ ቀን አልቆጠርኩት።

ድምፄን ቀድቼ ነበር፣ ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ፤
«ሌባ ናት» ብዬ፣ ስሟን ከነአያቷ፣ አንድ ሳልረሳ።
ከስልክ ስልክ ዘሎ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤
እናቷ ከዕድር ቀሩ፣ የታናሿ ሠርግ ፈረሰ።
እውነት ነበር። አንድ ቃል አልዋሸሁም።
ድንጋይም እውነት ነው፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አልጠየቅሁም።

ቅርጫቱ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄ ፖስታው ላይ ደረቀ።
ተነሣሁ። «አመመሽ?» አለች ጎረቤቴ። ዝማሬው ገና አላለቀ።
በር ላይ ቫርጊስ፣ ሽበታሙ ጥበቃ፣ የኬረላ ሰው፤
«ያዝልኝ፣ እመለሳለሁ» ብዬ ፖስታውን ሰጠሁት፤ ራሱን ወዘወዘው፤
እሺ ይሁን እንቢ እንጃ፤ ኪሱ ግን ከተተው።

ወደ ጅሊብ፣ መስኮቱ እሳት በሆነ አውቶቡስ፣
ስሟን ለሁለት ከፍዬ አነበነብኩ፣ በለሆሳስ፦
እት፣ አፈራሁ። እት፣ አፈራሁ።
ሁለት ዓመት ስጠራት አንድም ቀን ሳልሰማው ጠራሁ።
መጽሐፉም ወንድምን ማግኘት «ገንዘብ ማድረግ» ይለዋል፤
እኔ ገንዘቡን እንጂ ሌላውን መቼ ቆጥሬው አውቃለሁ?

የፀረ በረሮና የሽንኩርት ሽታ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
አንኳኳሁ። ሰንሰለቱ ሳይወርድ በሩ በእጅ ስፋት ፈቀቅ።
አንድ ዓይን። ሳሙና የበላው፣ ያበጠ ጣት።
«ገንዘቡ የለኝም» አለች፣ ሳልከፍት አፌን ለሰላምታ።
«ለገንዘቡ አልመጣሁም» ልል ነበር፤ ውሸት ነው፤ ያስፈልገኛል።
«እፈልገዋለሁ» አልኳት፤ «ዛሬ ግን ሌላ ዕዳ አምጥቶኛል።
የእኔ ዕዳ። ስለዚያ ድምፅ። ስለ እናትሽ።»

ዝም።
ከውስጥ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ቆጠርኩት፣ እስከ አርባ።
«ሠርጉ ለነሐሴ ነበር» አለች። ከዚያ በቀር ምንም።
ዓይኗ ከክፍተቱ ጠፋ። ልሂድ? እግሬ አልታዘዝም አለኝ፤
በሰንሰለቱ ሥር አንድ እጅ ወጣ፣ የውኃ ጠርሙስ አቀበለኝ፤
ከበረዶ የወጣ፣ ላቡ የሚወርድ።
«ሐሩር ነው» አለች።
በሩ ተዘጋ።

ስመለስ ፊሊፒኖቹ ጊታራቸውን ይዘው ገብተዋል።
ቫርጊስ ፖስታዬን ከኪሱ አወጣ፤ ጠርዙ ታጥፏል።
«አለቀ?» አለኝ በሰባራ አረብኛ።
«ገና» አልኩት። መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩት፣
ከጠርሙሱ ጎን፤ ረጠበ፤ አልጠረግኩት።

ዐሥር ሰዓት ከሩብ። ማዳም በር ላይ ቆማለች።